ነፃ በርና ባዕድ ጎረቤት፤ የዋይትቻፕል የሥዕል ጋለሪ ታሪክ ከትምህርት አንጻር

መግቢያ

የሥዕል ጋለሪዎችና ሙዚየሞች የመደበኛው ትምህርት አጋር ሊሆኑ ይገባል የሚለው ሐሳብ በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ ለረዥም ጊዜ ሲነገር የቆየ ነው። በመርሕ ደረጃ የሚቃወመው ብዙ ሰው አይገኝም። ክርክሩ የሚነሣው ወደ አፈጻጸሙ ሲደረስ ነው። መግቢያው በነፃ ይሁን ወይስ በክፍያ? በግድግዳው ላይ የሚሰቀለውስ የማን ሥራ ነው? የልዩ ልዩ ሕዝቦች ባህል ለተመልካች የሚቀርበው ባለቤቶቹ ራሳቸው መርጠው ነው ወይስ ሌላ ሰው ስለ እነርሱ ተናግሮ? እነዚህ ጥያቄዎች በበጀት ድልድልና በሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት ላይ ቀጥተኛ ውጤት ስላላቸው የመምህራንንም ሆነ የፕላን ባለሙያዎችን ትኩረት ይሻሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄዎቹን በአንድ ተጨባጭ ታሪክ አማካይነት መመርመር ነው። ለዚህም የተመረጠው በምሥራቅ ለንደን የሚገኘው የዋይትቻፕል የሥዕል ጋለሪ ነው። የተመረጠበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጋለሪው ድኆችና ስደተኞች በብዛት በሚኖሩበት ሰፈር መካከል ለሰፈሩ ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። ሁለተኛ፣ የሰፈሩ ነዋሪ ከአንድ ምዕተ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ስለተለዋወጠ፣ አንድ የሕዝብ ተቋም በየዘመኑ ከሚመጡ ባዕዳን ጎረቤቶቹ ጋር እንዴት ሊኖር እንደሚችል፣ የት ላይ እንደሚሳካለትና የት ላይ እንደሚሰናከል በግልጽ ያሳያል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከትምህርት ቤት ክፍል የተጀመረ ትርኢት

ምሥራቅ ለንደን ለወደቡና ለከተማው የገበያ ማዕከል ቅርብ በመሆኑ ከሩቅ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፍበት ሰፈር ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ከፈረንሳይ በሃይማኖታቸው ምክንያት የተሰደዱት ሁጉኖት የተባሉት ፕሮቴስታንቶች የሐር ሽመናቸውን ይዘው ሰፈሩበት። ከእነርሱም በኋላ አይርላንዳውያን መጡ። በመጋቢት 1881 የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር ሁለተኛ ከተገደሉ በኋላ በአይሁድ ላይ የተነሣው ጭፍጨፋና ከድህነት ለማምለጥ የተደረገው ፍልሰት ተደምረው፣ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ድረስ ከ100,000 በላይ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ወደ ብሪታንያ ገቡ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በዋይትቻፕልና በአካባቢው ተጠጋግተው ኖሩ፤ በልብስ ስፌት፣ በጫማ ሥራና በእንጨት ሥራም ተሠማሩ።

ሳሙኤል ባርኔት የተባሉት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ በ1873 በዚህ ሰፈር የቅዱስ ይሁዳ አጥቢያ አገልጋይ ሆነው ተሾሙ። እርሳቸውና ባለቤታቸው ሄንሪዬታ ባርኔት የተመለከቱት ችግር የእንጀራ ብቻ አልነበረም። በከተማው ምዕራብ የሚገኙት ታላላቅ የሥዕል አዳራሾች ለሕዝብ የተከፈቱ ቢሆኑም፣ ሳምንቱን ሙሉ የሚሠራ ሰው የሚያርፍበት የእሑድ ቀን እነርሱም የሚዘጉበት ቀን ነበር። ስለዚህ በሕግ ክፍት የነበረው በር በተግባር ለሠራተኛው ዝግ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1881 የፋሲካ ሰሞን ባልና ሚስቱ ከሠዓልያንና ከሀብታም ወዳጆቻቸው ሥዕሎች ተውሰው በአጥቢያው ትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ ሰቀሉ። ትርኢቱን ለማየት 10,000 ያህል ሰው መጣ። ትርኢቱ በየዓመቱ የሚደረግ ሆነና በ1886 የተመልካቹ ቁጥር ከ50,000 በላይ ደረሰ። ሥራቸውን ካዋሱት መካከል እንደ ጆርጅ ፍሬደሪክ ዋትስና ሆልማን ሀንት ያሉ በጊዜው ስመ ጥር የነበሩ ሠዓልያን ይገኙበታል። በጎ ፈቃደኞች በየሥዕሉ አጠገብ ቆመው ያስረዱ ነበር፤ በቀላል ቋንቋ የተጻፈ መግለጫም በአንዲት ፔኒ ይሸጥ ነበር። ትርኢቱ በእሑድ ቀን መከፈቱ ከሰንበት አክባሪ ማኅበራት ብርቱ ተቃውሞ ቢያስነሣም ባርኔት አቋማቸውን አልለወጡም። የለንደን ብሔራዊ ሙዚየሞች በእሑድ እንዲከፈቱ የእንግሊዝ ምክር ቤት የወሰነው በ1896 ሲሆን፣ ዋይትቻፕል በዚህ ረገድ ዐሥራ አምስት ዓመት ቀድሞ ነበር።

የባርኔትን ሐሳብ ግን ከዘመኑ ነጥሎ ማየት አይገባም። ሥዕል የድኻውን ጠባይ ያርማል፣ ከመጠጥ ቤት ያርቃል፣ በሀብታምና በድኻ መካከል ያለውን ቅራኔ ያለዝባል የሚል እምነት ነበራቸው። የሚጽፉት መግለጫም ከሥዕሉ አሣሣል ይልቅ በሚሰጠው የሥነ ምግባር ትምህርት ላይ ያተኩር ነበር። ኋላ የመጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሥራ፣ ከላይ ወደ ታች የተዘረጋ የበጎ አድራጎት እጅ ነው ሲሉ ተችተውታል። ትችቱ መሠረት አለው። ሆኖም ያን ሁሉ ሕዝብ ያሰለፈው ስብከቱ ብቻ ነበር ብሎ መደምደም ያስቸግራል። ሰው ሥዕል ሊያይ መጣ፤ ከሥዕሉም የሚወስደውን ራሱ መረጠ።

2. ቋሚው ሕንፃና የትምህርት ቤቶች ተሳትፎ

የትምህርት ቤቱ ክፍሎች ስለጠበቡ ቋሚ ጋለሪ እንዲሠራ ታሰበ። የሕንፃው ንድፍ ለቻርልስ ሃሪሰን ታውንሰንድ ተሰጠ። ቦታው በዋናው መንገድ ዳር፣ በ1892 ከተከፈተው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጎን ነበር። በዘመኑ የሥነ ጥበብ ሕንፃዎች ዓምድና ከፍ ያለ ደረጃ ሲኖራቸው፣ የዋይትቻፕል ጋለሪ ግን በሰፊ ቅስት በር ወደ መንገዱ የሚከፈት ሆኖ ተሠራ። መጋቢት 12 ቀን 1901 ሎርድ ሮዝበሪ መርቀው ከፈቱት፤ የመጀመሪያውንም ትርኢት 206,000 ያህል ሰው ጎበኘው። መግቢያው ነፃ ነበር።

እዚህ ላይ ለትምህርት ፕላን ባለሙያ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ የሕግ ለውጥ መጥቀስ ያስፈልጋል። በማንቸስተር ቶማስ ሆርስፎል የተባሉ ሰው በ1886 በሠራተኞች ሰፈር የሥነ ጥበብ ሙዚየም አቋቁመው ለትምህርት ቤቶች ሥዕል ያውሱ ነበር። እርሳቸውና የሐሳብ ተባባሪዎቻቸው ባደረጉት ውትወታ፣ ተማሪዎች በመምህራቸው እየተመሩ በትምህርት ሰዓት ሙዚየም ወይም ጋለሪ ሲጎበኙ ጊዜው እንደ ክፍል ትምህርት እንዲቆጠር በ1895 የትምህርት ደንብ ተፈቀደ። በዚያን ዘመን የትምህርት ቤቶች የመንግሥት ድጎማ ከተማሪዎች መገኘት ጋር የተያያዘ ስለነበር ለውጡ ቀላል አልነበረም። ከዚያ በፊት ተማሪዎቹን ወደ ሥዕል የሚወስድ መምህር የትምህርት ቤቱን መቁጠሪያ የሚያጎድል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን እንደሠራ ተቆጠረለት። በሩን ነፃ ማድረግ የጋለሪው ድርሻ ሲሆን ጊዜውን ነፃ ማድረግ የትምህርት አስተዳደሩ ድርሻ ነበር። አንደኛው ያለ ሁለተኛው ፍሬ አይኖረውም።

3. የሩቁ ሕዝብና የቅርቡ ጎረቤት

ጋለሪው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከእንግሊዝ ሠዓልያን ሥራ ጎን ለጎን የሌሎች ሕዝቦችን ባህል የሚያሳዩ ትርኢቶች አዘጋጀ። በ1901 የቻይና ሕይወትና ጥበብ፣ በ1902 የጃፓን፣ በ1908 ደግሞ ከቱርክ እስከ ህንድ ያሉ የእስላም አገሮች ጥበብና አኗኗር ቀረቡ። የቻይናው ትርኢት የቀረበው የአውሮፓ ጦር ፔኪንግ በገባ ማግስት መሆኑን ስናስታውስ፣ ሥራው ለተመልካቹ ሌላ ዓይነት ግንዛቤ ለመስጠት ያለውን ዋጋ እንገነዘባለን። ይሁን እንጂ እነዚህ ሕዝቦች ሩቅ ነበሩ። ሰብሳቢውም፣ አስረጂውም፣ ተርጓሚውም በአመዛኙ እንግሊዛዊ ነበር።

በ1906 የቀረበው የአይሁድ ጥበብና ጥንታዊ ቅርሶች ትርኢት ግን ከዚህ የተለየ ነበር። የትርኢቱ ጉዳይ የሆነው ሕዝብ በጋለሪው በር ፊት ለፊት የሚኖር ነበርና። ጊዜውም የተረጋጋ አልነበረም። የስደተኞች መብዛት የሥራ ደመወዝን ያወርዳል፣ የቤት ኪራይን ያንራል የሚል ቅስቀሳ በምሥራቅ ለንደን ለዓመታት ሲካሄድ ቆይቶ፣ በ1905 የስደተኞችን መግባት የሚገድብ ሕግ ወጥቷል። ሕጉ በሥራ ላይ የዋለውም ትርኢቱ በተከፈተበት በዚያው በ1906 መጀመሪያ ላይ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ምክር ቤቱ በሩን ሲያጠብ ጋለሪው በሩን ከፈተ ማለት ነው።

ትርኢቱ የአምልኮ ዕቃዎችን፣ ታሪካዊ ሰነዶችንና የአይሁድ ሠዓልያንን ሥራዎች ያካተተ ነበር። በዝግጅቱ ዐቢይ ድርሻ የነበራቸው ግን በእንግሊዝ አገር ለትውልድ የኖሩና የተደላደሉ የአይሁድ ቤተሰቦች ነበሩ። ጥረታቸውም አይሁድ ታማኝ፣ ሥልጡንና ለአገሩ ጠቃሚ ዜጋ መሆኑን ማስመስከር ነበር። ከዩክሬን ወይም ከፖላንድ ትናንት የመጣው፣ ዪዲሽ የሚናገረው ልብስ ሰፊ በራሱ አፍ የተናገረበት መድረክ አልነበረም። እርሱ የአባቶቹን ዕቃ በመስታወት ውስጥ ሆኖ አየ እንጂ ስለ ራሱ የሚለው አልተጠየቀም። ይህም ሆኖ፣ ሕግ ያልተፈለገ እንግዳ ያደረገው ሰው ወደ አንድ የክብር አዳራሽ ያለ ክፍያ ገብቶ የሕዝቡን ታሪክ ተከብሮ ማየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

4. የሰፈሩ ልጆች

የነፃው በር ውጤት በእውነት የታየው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። በዋይትቻፕልና በአካባቢው ካደጉት የስደተኞች ልጆች መካከል ዴቪድ ቦምበርግ፣ ማርክ ገርትለርና ባለቅኔና ሠዓሊ የነበረው አይዛክ ሮዘንበርግ ይገኙበታል። ሮዘንበርግ በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ የቅርጽ ሥራ ለማጅ ሆኖ ገባ፤ ማታ ማታም ይማር ነበር። እነዚህ ወጣቶች በጠባብ ቤታቸው የማያገኙትን ብርሃን፣ ሙቀትና መጽሐፍ ያገኙት ከጋለሪው ጎን በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ነበር። ሦስቱም በእርዳታና በብድር ገንዘብ ታዋቂው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሩ።

በ1914 ጋለሪው ስለ አዳዲስ የሥነ ጥበብ እንቅስቃሴዎች አንድ ሰፊ ትርኢት ሲያዘጋጅ፣ የአይሁድ ሠዓልያንን ክፍል እንዲያደራጅ ኃላፊነቱን የሰጠው ለወጣቱ ቦምበርግ ነበር። ቦምበርግ ከቀራጺው ጄኮብ ኤፕስታይን ጋር ወደ ፓሪስ ሄዶ ሥራዎች አሰባሰበ፤ የሞዲልያኒም ሥራ በዚህ አጋጣሚ በብሪታንያ ለሕዝብ ታየ። ከ1906ቱ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጉልህ ነው። በዚያ ጊዜ የቀረበው የአባቶች ቅርስ ሲሆን በዚህ ጊዜ የቀረበው የልጆች ሥራ ነው። በዚያ ጊዜ ሌሎች ስለ ሰፈሩ ሰው መረጡ፤ በዚህ ጊዜ የሰፈሩ ልጅ ራሱ መረጠ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ ቦምበርግ በዚያው ዓመት ከሣላቸው ታላላቅ ሥራዎች አንዱ መነሻው በብሪክ ሌን ሰፈር የነበረ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ፍሬ ነገር አለ። ነፃ ትርኢት ከተማሪው የሚጠብቀው መልስ በአንድ የጉብኝት ቀን የሚገኝ አይደለም። ሮዘንበርግም ሆነ ቦምበርግ የተወለዱት በ1890 ነው፤ ጋለሪው ሲከፈት ሁለቱም የ10 ዓመት ልጆች ነበሩ። ፍሬው የታየው ትውልድ ካደገ በኋላ ነው። ሮዘንበርግም ብዙ ሳይቆይ ሚያዝያ 1 ቀን 1918 በጦርነቱ ግንባር ሞተ።

5. ጌርኒካ በሠራተኛው ሰፈር

የጋለሪው ታሪክ ሌላው ዐቢይ ምዕራፍ የተከፈተው በ1939 መባቻ ነው። ሚያዝያ 26 ቀን 1937 የጀርመንና የኢጣልያ አውሮፕላኖች የስፔይኗን የጌርኒካ ከተማ ከደበደቡ በኋላ ፒካሶ የሣለው ታላቅ ሥዕል ወደ ለንደን መጣ። በመጀመሪያ በምዕራቡ ክፍል በሚገኝ ጋለሪ ሲታይ 3,000 ያህል ሰው ጎበኘው። ቀጥሎም በስቴፕኒ የሠራተኛ ማኅበራት ጥረት ወደ ዋይትቻፕል ተወስዶ ክሌመንት አትሊ ሲከፍቱት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 15,000 ያህል ሰው አየው። ተመልካቾች ለስፔይን ሪፐብሊክ ተዋጊዎች የሚላክ ጫማ በሥዕሉ ሥር ያኖሩ ነበር። ይህ ሥዕል ቀላል ነው የሚባል አይደለም። ረቂቅ ሥነ ጥበብ ለተራው ሰው አይገባም የሚለውን አባባል ግን ያ ሰልፍ ውድቅ አድርጎታል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ዘመን ሩቅ አይደለም። ከጌርኒካ ቀደም ብሎ በ1935 እና በ1936 የኢጣልያ አውሮፕላኖች በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አዝንበዋል። ከ1912 ጀምሮ በምሥራቅ ለንደን ሴት ሠራተኞችን ያደራጁ የነበሩት፣ በሙያቸውም የሥዕል ትምህርት የተማሩት ሲልቪያ ፓንክረስት በ1936 ስለ ኢትዮጵያ ነፃነት የሚሟገት ጋዜጣ አቋቁመው ለሃያ ዓመት አዘጋጅተዋል፤ በ1960ም በአዲስ አበባ ዐርፈዋል። የሩቁን ሕዝብ መከራ እንደራስ የማየት ልማድ በዚያ የከተማ ክፍል የቆየ መሠረት እንደነበረው ይህ ይመሰክራል።

6. የመራራቅና የመቀራረብ ዓመታት

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጋለሪው ዝና በዓለም ዘንድ ከፍ አለ። በ1958 የጃክሰን ፖሎክ፣ በ1961 የማርክ ሮትኮ ሥራዎች ታዩበት። የሰፈሩ ነዋሪ ግን በዚያው ጊዜ እየተለወጠ ነበር። አይሁዱ ወደ ሰሜን ለንደን ሲሄድ ከዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ በተለይም ከሲልሄት አውራጃ የመጡ ሰዎች ቦታውን ያዙ። ለውጡን ከአንድ ሕንፃ ይልቅ የሚናገር የለም። በብሪክ ሌን ጥግ በ1743 የሁጉኖቶች ጸሎት ቤት ሆኖ የተሠራው ሕንፃ በ1898 ምኵራብ፣ በ1976 ደግሞ መስጊድ ሆነ። አዲሶቹ ነዋሪዎች የዘር ጥቃት ይደርስባቸው ነበር፤ ግንቦት 4 ቀን 1978 አልታብ አሊ የተባለ ወጣት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ከጋለሪው ብዙ በማይርቅ ስፍራ ተገደለ። ከጥቂት ቀናት በኋላም 7,000 ያህል ሰዎች አስከሬን ሣጥኑን ተከትለው ተቃውሞ ሰልፍ ወጡ።

በዚህ ጊዜ የጋለሪው በር እንደ ቀድሞው ክፍት ነበር። ነገር ግን ከመንገዱ ማዶ ያለ ቤተሰብ ወደ ውስጥ የሚገባበት ምክንያት አልነበረውም። ችግሩ የገንዘብ አልነበረም፤ የቋንቋና የመታወቅ ጉዳይ ነበር። ከ1976 ጀምሮ በዳይሬክተርነት የተሾሙት ኒኮላስ ሰሮታ ይህን ክፍተት ለመዝጋት ሁለት እርምጃዎች ወሰዱ። አንደኛው በ1979 የቤንጋል ጥበባትን ትርኢት ማቅረብ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ከትርኢቱ የበለጠ ዘላቂ ውጤት ያስገኘ ነው፤ ይኸውም በዚያው ዓመት የኅብረተሰብ ትምህርት ክፍል ተደራጅቶ ሠዓልያን ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤቶች ሄደው ከተማሪዎችና ከመምህራን ጋር መሥራት ጀመሩ። ተማሪው ጋለሪውን ከማየቱ በፊት ጋለሪው ተማሪውን በክፍሉ ጎበኘው። በ1988 የባንግላዴሽ የሽመናና የጥልፍ ጥበብ ትርኢት ሲቀርብም፣ በልብስ ስፌት ለሚተዳደር ሰፈር መርፌና ክር ከሥዕል እኩል ክብር አገኙ።

በ1995 ጋለሪው ስለ አፍሪካ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሰባት ታሪኮችን የያዘ ትርኢት አቀረበ። በዚህም ትርኢት አዘጋጆቹ ከየአገሩ የተውጣጡ አፍሪካውያን ሠዓልያንና ምሁራን ነበሩ። ከታሪኮቹም አንዱ የሱዳንንና የኢትዮጵያን፣ የካርቱምንና የአዲስ አበባን ሠዓልያን ግንኙነት ይመለከት ነበር። በ1901 ስለ ቻይና ሲናገር የነበረው እንግሊዛዊ አስረጂ ከዘጠና አራት ዓመት በኋላ ስፍራውን ለባለታሪኮቹ ለቀቀ። በ2009 ደግሞ ጋለሪው ያንን የቆየ የቤተ መጻሕፍት ሕንፃ አካቶ ተስፋፋ።

7. ነፃ መግቢያ ምን ያህል ይበቃል?

ከዋይትቻፕል ውጭ ያለው የብሪታንያ ልምድ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ይረዳል። በጥር 1974 በብሔራዊ ሙዚየሞች ላይ የመግቢያ ክፍያ ተጥሎ ከጥቂት ወራት በኋላ ተሻረ። በ1980ዎቹ አንዳንድ ሙዚየሞች እንደገና ማስከፈል ጀመሩ። በታኅሣሥ 2001 ክፍያው በብሔራዊ ሙዚየሞች ሁሉ ሲነሣ የጎብኚው ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ ጨመረ፤ የጎብኚዎቹ ማኅበራዊ ስብጥር ግን በዚያው መጠን አልተለወጠም። ቀድሞ ይመጣ የነበረው የተማረ ሰው ደጋግሞ መጣ። ዋይትቻፕልም ቢሆን በ21ኛው ክፍለ ዘመን ለአንዳንድ ትርኢቶች ማስከፈሉ አልቀረም፤ ነፃ በር የሚቆመው ወጪውን የሚሸፍን ሌላ ኪስ እስካለ ድረስ ነውና።

እንግዲህ ክፍያ በሩን ይዘጋል፤ የክፍያ መነሣት ግን በራሱ ሰውን አያስገባም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰውን ያስገቡት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ሠራተኛው በሚያርፍበት ቀን መከፈት፣ የመምህሩ ጊዜ በደንብ መታወቁ፣ በቀላል ቋንቋ የሚያስረዳ ሰው መኖሩ፣ ከአጠገቡም ቤተ መጻሕፍት መገኘቱ፤ ከሁሉም በላይ የሰፈሩ ሰው የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚያሳይ መሆኑ።

መደምደሚያ

አገራችን ከሰማንያ በላይ ብሔረሰቦች የሚኖሩባት እንደመሆኗ ይህ ታሪክ ለእኛም የሚያነሣው ጥያቄ አለ። በትምህርት ቤቶቻችን የባህል ቀን ሲከበር ተማሪዎች የየብሔረሰቡን ልብስ ለብሰው፣ ዕቃውን ደርድረው ማሳየታቸው የተለመደ ነው። ይህ መልካም ጅምር ነው፤ ከ1906ቱ ትርኢት ጋር ግን ይመሳሰላል። የተደረደረው ዕቃ የማን እንደሆነ እንጂ ባለቤቱ ዛሬ ምን እንደሚያስብና ምን እንደሚሠራ አይነግረንም። ከተማሪዎቹ መካከል ከሌላ አካባቢ የመጣው ልጅ ምን እንደሚቀርብ መርጧል ወይ? ስለ አቀረበው ነገርስ በራሱ አንደበት ተናግሯል ወይ? የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የእናቷን ሙያ በክፍሉ ፊት ስታስረዳ መምህሩ ዕውቀቱን እንደ ትምህርት ቆጥሮላታል ወይ?

የፕላን ባለሙያውም የሚመልሰው ጥያቄ አለ። የሙዚየም ጉብኝት በትምህርት ዘመኑ መርሐ ግብር ውስጥ የተቆጠረ ሰዓት አለው ወይስ መምህሩ ከሥራው ሰርቆ የሚያደርገው ነው? የሠዓሊው ወደ ክፍል መምጣትስ በጀት ተይዞለታል? ዋይትቻፕል ከተበደሩ ሥዕሎች ተነሥቶ በሰፈሩ ልጅ እጅ ወደ ተዘጋጀ ትርኢት ለመድረስ ሠላሳ ሦስት ዓመት ወስዶበታል። ያ ጊዜ ሊያጥር የሚችለው ሁለቱ ነገሮች፣ የበሩ መከፈትና የባለቤቱ መናገር፣ ከመጀመሪያው አንድ ላይ ሲታቀዱ ነው።